ለፀሐይ ብላችሁ ቤት ልትገዙ ከሆነ በጃንዋሪ ሄዳችሁ እዩት

ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ደቡብ ስፔን፣ ኮስታ ዴል ሶል ላይ አንድ አፓርታማ ለመግዛት ጫፍ ደርሰን ነበር። የብርዱ ወራት ሲገባ ከጨለማው የምንሸሽበት፣ በተቀረው ጊዜ ደግሞ እየተከራየ ወጪውን ራሱ የሚሸፍን ቤት። ያየነው በጁላይ ነው። በረንዳው ብርሃን በብርሃን ሆኖ፣ ባሕሩ በሕንፃዎቹ መሀል እያብለጨለጨ፣ ልባችን እዚያው ቀረ። ቀብድ ልንከፍል አንድ ቀን ሲቀረን ባለቤቴ "እዚህ የምንኖረው በብርድ ጊዜ ከሆነ ለምን በብርድ ጊዜ አናየውም?" አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ደላላው ሌላ ገዢ አለ እያለ ቢያጣድፈንም ቀብዱን ተውነውና በጃንዋሪ እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከዚያ ቤት ሥር ያለውን ፎቅ ለአንድ ወር ተከራየን።

ያ አንድ ወር ከስንት ጭንቀት እንዳዳነን!

ውጭው ጥሩ ነበር። እኩለ ቀን ላይ 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ ከተቀመጣችሁ ሸሚዝ ይበቃል። ቤት ስትገቡ ግን ካፖርት መልበስ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ባለአንድ መስታወት፣ ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ቤቱ የተሠራው ሙቀትን እንዲከላከል እንጂ ብርድን እንዲችል አይደለም። ማታ የሰቀልነው ፎጣ ጠዋትም እርጥብ ነው። አንድ ቀን ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ ሳደርገው ከጀርባው ግድግዳው ከታች እስከ ወገቤ ድረስ በሻጋታ ጠቁሯል። ይሄ በጁላይ ይታያል? አይታይም። በጁላይ ደረቅ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፀሐይዋ ቤቱ ውስጥ አለመግባቷ ነው። ለእሷ ብለን ሄደን! ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። እዚያ አካባቢ በጁን መጨረሻ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፣ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። በዲሴምበር መጨረሻ ግን 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የምትቀረው። በሙቀቱ ወራት ምንም የማይከልለው የፊት ለፊት ሕንፃ በብርድ ወራት ሙሉ በሙሉ ይጋርዳታል። እኛ ወደን የነበረው በረንዳ በጃንዋሪ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነበር።

ስለዚህ ቤት ስታዩ በረንዳው ወደ ደቡብ መዞሩን፣ ከፊቱ ምን እንዳለና ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ከመታጠቢያ ቤቱ ማማር በፊት እዩ። ፀሐይ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ደግሞ የስፔኖቹ የካናሪ ደሴቶች ይሻላሉ፤ ከአፍሪካ ጠረፍ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 28ኛው ዲግሪ ላይ ስለተቀመጡ በጃንዋሪም ቀኑ 20 እና 21 ዲግሪ ይደርሳል።

ግን እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ያለው። ፀሐይና ትርፍ አንድ ቤት ውስጥ አብረው አይኖሩም። ካናሪ ላይ ተከራይ የሚጎርፈው እናንተም መሄድ በምትፈልጉበት በብርዱ ወራት ነው፤ ቤቱ ዋናውን ገቢ የሚያገኝበትን ሳምንት እናንተ ትተኙበታላችሁ። ኮስታ ዴል ሶል ላይ ደግሞ ተከራዩ በሙቀቱ ወራት ይመጣል፣ የብርዱ ወራት ለእናንተ ይቀራል፣ ያው ካፖርቱና ሻጋታው ጭምር። ደላላው የሚያሳያችሁ ወረቀት ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ተከራይ አለ፣ እናንተም ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናችሁ።

የኪራይ ሕጉም እንደ ድሮው አይደለም። ስፔን ውስጥ ከአፕሪል 2025 ወዲህ አፓርታማን አዲስ ለቱሪስት ለማከራየት የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር የሦስት አምስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ጎረቤቶቹ እምቢ ካሉ አበቃ። ባርሴሎና ጭራሽ 10,000 ገደማ የሆኑትን የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶች በሙሉ በ2028 መጨረሻ አላድስም ብላለች። ግብሩም አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ባለቤት ከኪራዩ 24 በመቶ፣ ኅብረቱ ውስጥ የሚኖር 19 በመቶ ይከፍላል። ሳታከራዩት ዝም ብሎ ቢቀመጥም በመንግሥት ግምቱ ላይ ተሰልቶ የሚከፈል ግብር አለ፤ ይሄንን እኔ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

መግዣው ላይ፣ ኮስታ ዴል ሶል ባለበት በአንዳሉሲያ ክልል ውስጥ ያገለገለ ቤት 7 በመቶ የስም ማዛወሪያ ግብር አለው፤ የኖታሪ፣ የመዝገብና የጠበቃ ሲጨመር ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ማለትም ቤቱ ያን ያህል እስኪወደድ ድረስ ኪሳራ ላይ ናችሁ። ዋጋ ሁሌ ይጨምራል ለሚላችሁ ደግሞ ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት የስፔን ቤት ዋጋ ሲሶ ያህል መውረዱን ንገሩት።

ሌላው፣ ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል ብለው የሚያስቡ አሁንም አሉ። ስፔን ከ2013 ጀምሮ 500,000 ዩሮ የሚያወጣ ቤት ለገዛ ትሰጥ ነበር፣ አፕሪል 3 ቀን 2025 አቆመች። ፖርቱጋል የቤቱን መንገድ በ2023 ዘግታለች። የአውሮፓ ዜግነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ከሌላችሁ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው መቆየት የሚቻለው። ከኖቬምበር እስከ ማርች አምስት ወር ነው። ቤቱ የእናንተ ሆኖም ሁለት ወር ያህሉን በሩ ተቆልፎ ይከርማል።

ስለ ጠበቃ ግን ልለምናችሁ። ደላላው የሚያመጣላችሁን አትያዙ፣ የራሳችሁን ፈልጉ። እኛ ለመግዛት ያየነው ቤት ጣሪያው ላይ አንዲት ቆንጆ ክፍል ነበረችው፣ ዋጋውን ያስወደደችውም እሷ ናት። ጠበቃችን ኖታ ሲምፕሌ የሚባለውን የመዝገብ ማውጫ አስወጥታ ስታየው ክፍሏ የለችም። ያለፈቃድ የተሠራች ናት። ደላላው "እዚህ ሁሉም እንደዚህ ነው" አለን። እዚያው ደቡብ ስፔን፣ አልሜሪያ አውራጃ፣ ቬራ ውስጥ በጃንዋሪ 2008 የሁለት እንግሊዛውያን ጡረተኞች ቤት በግሬደር ፈርሷል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የሰጠው ፈቃድ በኋላ ተሽሮ። ሰሜን ቆጵሮስ ላይ በርካሽ ለሚያጓጓችሁ ደግሞ፣ ብዙው መሬት በ1974 የተፈናቀሉ ሰዎች ነው፤ በ2009 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ የቆጵሮስ ፍርድ ቤት ለነዚያ ባለቤቶች የሚሰጠው ፍርድ በሌሎቹ የኅብረቱ አገሮችም እንዲፈጸም ወስኗል። ሀገራችሁ ያለው ንብረታችሁም ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

ያንን ቤት ተውነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስድስት ሳምንት እየተከራየን ሄደናል፣ ሲሰላ ከመግዛቱ በጣም ያንሳል። ግን የራስ ቤት ፍላጎት አልወጣልንም፣ ልብሳችሁን ትታችሁ የምትመለሱበት ቦታ ሌላ ነው። አሁን የኪራዩን ትርፍ ከሂሳቡ አውጥተነዋል። ሳናከራየው መያዝ ካልቻልን አንገዛውም።

በዚህ ጃንዋሪ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ትንሽ፣ መታጠቢያ ቤቱ ያረጀ ቤት ተከራይተን ሰነበትን። ባለቤትየው መሸጥ ይፈልጋል። ባለቤቴ አንድ ቀን ሙሉ በየሰዓቱ ፀሐይዋ ሳሎኑ ወለል ላይ የደረሰችበትን በቁራጭ ቴፕ ምልክት ስታደርግ ዋለች። የመጀመሪያዋን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለጠፈች፣ የመጨረሻዋን 11 ሰዓት ላይ፣ ከሶፋው እግር ሥር። ጠበቃችን መዝገቡን እያየች ነው። ቀብድ ገና አልከፈልንም።