ሳይክሌና ስካውቱ፦ ከጎንደር እስከ ቧሂት

ደባርቅ ያለው የፓርኩ ቢሮ ስደርስ የተጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ አሁንም ያስቀኛል። "ስካውቱን የት ልታስቀምጠው ነው?" አለኝ ጠረጴዛው ጋ የነበረው ልጅ፣ ሳይክሌን በአገጩ እያሳየ። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ የፓርክ አጃቢ፣ አይገባም። በመኪና የመጣ ከኋላ ያስቀምጠዋል። በእግሩ የመጣ አብሮት ይሄዳል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ሳቅድ ይቺን ነገር ጨርሶ አላሰብኳትም።

ጊዜው ጥር 2011 ነው። ለጥምቀት ጎንደር ወጥቼ፣ በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን መንገድ ጀመርኩ። ጥፋቱ ግን ከዚያም ቀድሞ ነበር። ሳይክሉ ከአዲስ አበባ ጎንደር የመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው። ረዳቱ "አይዞህ፣ አሳምሬ አስሬዋለሁ" አለኝ። እኔም አምኜ ገብቼ ተኛሁ። ጎንደር ሲወርድ የማርሽ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ታጥፏል። ለካ በማርሹ በኩል አስተኝተው፣ ከላዩ የሰው ሻንጣ ከምረውበታል።

አንድ ሳይክል ሠሪ በፒንሳ ለማቃናት ታገለ። አብዛኛው ተስተካከለ። ካቴናው ግን የኋላው ትልቁ ጥርስ ላይ አልወጣም አለ። ለዳገት የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። መቀየሪያውን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዝ ትንሽ ብረት አለች። ሳይክሉ ሲወድቅ ፍሬሙ ከሚሰበር እሷ ትታጠፍ ተብላ ሆን ተብሎ ለስላሳ ሆና ትሠራለች። ትርፏ ኪስ ውስጥ ትገባለች። እኔ ሁለት ካላማዳሪያ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽ፣ ትርፍ ካቴና ሳይቀር ይዤ እሷን አልያዝኩም።

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልት ነው። እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ዳገቱ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ነፋሱ። ዳባት ላይ ሻይ ጠጥቼ፣ ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሸኝተውኝ ማታ ላይ ደባርቅ ገባሁ። ቻይና አለመሆኔን በአማርኛ ነገርኳቸው። አላመኑኝም።

ወደ ስካውቱ ልመለስ። የተመደቡልኝ ሰው ሃምሳውን ያለፉ ይመስላሉ። ቀጭን ናቸው። ፎጣ ጭንቅላታቸው ላይ፣ ክላሽ ትከሻቸው ላይ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። ስንቃቸው በሶና ድርቆሽ፣ በአንድ ትንሽ ከረጢት። እኔ ከኋላ ሁለት ቦርሳ ጭኛለሁ፣ ወደ ሃያ ኪሎ። "ጋሼ፣ እንዴት እናድርግ?" ስላቸው ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። "አንተ በመንገድህ ና። እኔ በአቋራጭ እመጣለሁ" አሉኝ።

ሜዳው ላይ እቀድማቸዋለሁ ብዬ ነበር የገመትኩት። ሜዳ የት አለና! ከደባርቅ ወጥቶ አስፋልቱ እንዳለቀ መንገዱ ፒስታ ነው። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንሸራተታል። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ለሁለት ደቂቃ አቧራ ውስጥ ነኝ። እኔ ጠመዝማዛውን ዞሬ ስጨርስ ጋሼ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እንደገና እዞራለሁ፤ እንደገና ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ላይ ቆሎ እየበሉ አገኘኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ከሳይክሉ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ያለ ትልቁ ጥርስ፣ በዚያ ጭነት፣ በዚያ ዳገት የማይሆን ነው። መግፋቱም ቢሆን ልምድ ይጠይቃል። ሃያ እርምጃ ገፍቼ እቆማለሁ፣ አፌን ከፍቼ እተነፍሳለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። ጋሼ ትንሽ አይተውኝ፣ "አፍህን ግጠም" አሉኝ። የሰደቡኝ መስሎኝ ነበር። "ዳገት የሚወጣው በአፍንጫ ነው። አፍህን ካስከፈተህ ፈጥነሃል ማለት ነው።"

ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ እስከተቻለ ድረስ ይኬዳል። ሳይክል ላይም ሆነ ሲገፋ ያው ነው። አፍ ሲከፈት ይቀነሳል። የእጅ ሰዓቴ የልብ ምት ይቆጥራል፤ ከዚያን ቀን በኋላ አላየሁትም። መጀመሪያ ላይ ኤሊ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ግን መቆሜን ተውኩ። የመጀመሪያው ማደሪያ ካምፕ፣ ሳንቃ በርም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን።

ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ማታ ራሴን ወጋኝ። ከጎንደር በሁለት ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥቻለሁ፤ ሰውነት ይሄን አይወድም። ብልህ ሰው ደባርቅ አንድ ቀን አርፎ ነው የሚነሳው። እኔ አላረፍኩም። ብዙ ውኃ ጠጥቼ፣ እራቴን ቀንሼ፣ ጋቢዬን ተጠቅልዬ ተኛሁ። ጠዋት ባይሻለኝ ኖሮ ወደ ታች መመለስ ነበረብኝ። ተሻለኝ።

በማግስቱ ወደ ቀጣዩ ካምፕ፣ ወደ ጨነቅ፣ ስንሄድ የጭላዳ መንጋ መንገድ ላይ አገኘን። ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ለሣር ሜዳው ላይ ይወጣሉ። ሳይክል ጸጥ ያለ ነገር ስለሆነ መሐላቸው እስክገባ አልሰሙኝም። ወረድኩና ቆምኩ። አንዱ ትልቅ ወንድ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ በርበሬ መስሎ፣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሣሩን መንጨት ቀጠለ። በሁለቱም እጁ ነው የሚነጨው፤ ቶሎ ቶሎ፣ ጎመን የምትቀነጥስ ሴትዮ ይመስላል። የሣሩ መነቀል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ጭርጭርጭር። መኪና ውስጥ ሆኜ ይሄን አልሰማውም ነበር።

ከጅንባር ካለፍን በኋላ ስለታም ድንጋይ የኋላ ጎማዬን ጎኑን ቀደደው። ካላማዳሪያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ጎማው ራሱ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቷል፤ አዲስ ካላማዳሪያ ቢገባም በቀዳዳው አብጦ ወጥቶ ይፈነዳል። እዚያ ጎሚስታ የለም። እኔ ስነጫነጭ ጋሼ ከመንገዱ ዳር አንድ የተጣለ ኮንጎ ጫማ ይዘው መጡ። ጎኑን በቢላ የመዳፍ ያህል ቆርጠው፣ ጠርዙን ድንጋይ ላይ ፍቀው አሳሱት። ከጎማው ውስጥ በቀዳዳው በኩል በማስቲሽ ለጠፍነው። በላዩ ካላማዳሪያውን አስገባን። ነፋሱን ከወትሮው ቀነስ አድርጌ ሞላሁት። ያቺ ቁራጭ ኮንጎ እስከ ደባርቅ አደረሰችኝ።

ጨነቅ የደረስኩት እንደ ስሙ ጨንቆኝ ነው። 3,600 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ድንች እንኳን አልበስል ብሎ ያስለቅሳል። ሩዝና ድንች ተሸክሜ መምጣቴ ቂልነት ነበር። በጋሼ በሶ ነው የዳንኩት። ሌባም አለ። መንቁሩ መጥረቢያ የሚያህል ቁራ ዳቦ ቆሎዬን ከነፌስታሉ ይዞት ሄደ። ሌሊት ውርጩ የጠርሙሴን ውኃ በረዶ አደረገው። ጠርሙሱን ገልብጦ ማሳደር ነው፤ በረዶው ከላይ ስለሚጀምር ጠዋት ክዳኑ በኩል ውኃ ይገኛል።

በአራተኛው ቀን ዕቃውን ካምፕ ትቼ ቧሂት ተራራ ላይ ወዳለው የመንገዱ ማለፊያ ወጣሁ። ከ4,200 ሜትር የማያንስ ነው። ባዶ ሳይክል መሆኑ ጠቀመኝ፤ ግማሹን እየነዳሁ ግማሹን እየገፋሁ፣ አፌን ገጥሜ። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ከግራም ከቀኝም ቆመዋል። ከጨነቅ ብዙም ሳንርቅ ጋሼ ትከሻዬን ይዘው በጣታቸው ገደሉን አሳዩኝ። ሦስት ዋልያ። ቀንዳቸው ባይንቀሳቀስ ድንጋይ ናቸው ብዬ አልፍ ነበር። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው አንዱ በእነዚህ ፍጥረታት ምክንያት ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስነግራቸው ጋሼ "እኛ መዝገቡን አናውቅም፤ ዋልያዋን ግን እናውቃታለን" አሉ።

ቁልቁለቱን ስጠብቀው የከረምኩት ነው። ሞኝነት! ከማለፊያው ወደ ጨነቅ ስወርድ የኋላ ፍሬኔን ይዤ አልለቀውም አልኩ፣ ከፍርሃት የተነሣ። ከግማሽ መንገድ በታች ይንጫጫ ጀመር። ቆሜ ቸርኬው ላይ ምራቄን ጠብ ባደርግ ጭሽ አለ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ሊነካ ደርሷል። ፍሬን አጥብቆ ይዞ ወዲያው መልቀቅ፣ ከፊትና ከኋላ እያፈራረቁ፤ ቸርኬው እስኪበርድ ደግሞ መቆም። ይሄን ማንም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀው ነበር። ገደል ከጎን ሲኖር እጅ ዕውቀት አይሰማም። የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። ጋሼ እንደለመዱት ቀድመውኛል።

በሁለት ቀን ደባርቅ ተመለስን። ሒሳብ ስንጨርስ ጋሼ ኮንጎ የተለጠፈበትን ጎማ በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ "ሳይክሉን ስንት ገዛኸው?" አሉኝ። አፍሬ ዋጋውን በግማሽ ቀነስኩት።

"በዚህማ በቅሎ ትገዛ ነበር" አሉ።

ከጎንደር ስመለስ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ራሴ ወጣሁ። ረዳቱ "ውረድ፣ እኔ አስረዋለሁ" ቢለኝም አልሰማሁትም። ፔዳሎቹን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ማርሹን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛሁትና፣ ሻንጣ እንዳይጫንበት ጋቢዬን አልብሼ አሰርኩት።