ሜዳ ላይ ማደር

ዛሬ ማታ ዝናቡ ሲጀምር ቤት መቀመጥ አስጠላኝ። ማንም ምንም አላለኝም፣ የተፈጠረም ነገር የለም፣ ብቻ ነሐሴ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል፣ ታውቁታላችሁ። ጃኬት ደረብኩና ግቢ ወጥቼ መኪናችን ጋሼ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ከቆመ እኮ ቆየ፣ የኋላ ግራ ጎማው ንፋሱ ወርዶ ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሏል፣ ባትሪውን ራሴ ነኝ ያወጣሁት፣ መብራት የለ ቴፕ የለ፣ ጨለማ ውስጥ መሪ ይዤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው እሰማለሁ። ደሴ በክረምት እንደምታውቋት ናት፣ ከጦሳ የወረደው ጉም ግቢ ድረስ ይገባል፣ የጎረቤት መብራት እንኳን አይታይም።

የሆነ ነገር ላስብ ነበር የገባሁት፣ ምን እንደነበር አሁን ጠፍቶኛል። ሽታው ነው የወሰደኝ። ናፍታ፣ እርጥብ ሸራ፣ ከነሱ በታች ደግሞ የኩበት ጭስ። ኩበት እዚህ ከየት መጣ ብዬ በስልኬ መብራት ከኋላ ወንበር ስር ስዳብስ ያ ጋቢ እጄ ላይ መጣ።

ስለ ደላንታው ጉዞ ብዙ አውርቻችኋለሁ። ስለ መንገዱ ማለቴ ነው። ስለ ሌሊቱ ግን ለማንም በደንብ አላወራሁም።

ታኅሣሥ 2011 ነው፣ እኔ፣ መ. እና የኮምቦልቻው ልጅ። ያን ሰሞን እኔ ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። ላሊበላ ላይ ከካይሮ ተነስተው ኬፕታውን የሚወርዱ ፈረንጆች መኪና አይቼ፣ የጭነት መኪና ላይ ቤት ሰርተውበት፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ ታንከሩ፣ ጣሪያው ላይ ሶላሩ፣ ማንንም ሳይጠይቁ የፈለጉበት ቆመው የሚያድሩ፣ ያ ነገር ውስጤ ገብቶ አልወጣ ብሎ ነበር። ማንንም አለመጠየቁ ነው የበላኝ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሰው መሀል ነው፣ በሩ ሳይንኳኳ የሚያድርበት ቀን በሌለበት ቤት፣ አንድ ቀን እንኳን ማንም እንዴት አደርክ ሳይለኝ ማደር አምሮኝ ነበር። ከዚያ ጋሼን ገዛን፣ የኋላውን ወንበር አንስተን ሳጥን ሰራንለት፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ አስበየድን፣ ድንኳን ከአዲስ አበባ አስመጣን።

በኩታበር ወጥተን ወደ በሸሎ ወንዝ ወረድን። ያን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። በሁለተኛ ማርሽ ይዘህ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝህ ትተወዋለህ፣ ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ፔዳሉን ወለል ድረስ ብትረግጠው የሚሰማህ የለም። ታች ቆላ ነው፣ ሹራባችንን አውልቀን በሸሎ ዳር ፊታችንን ታጠብን፣ ከዚያ ዳገቱ። የጋሼ ሞተር ያው የቶዮታ ዋን ኤች ዜድ ነው፣ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለው፣ ወደ 3000 ሜትር ስትጠጋ አየሩ ከባህር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የለም፣ ስለዚህ ናፍታው በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ እሱም ያቃስታል፣ እኛም አይዞህ ጋሼ እያልን። ላይ ስንወጣ ሜዳ። ደላንታ እንግዲህ እንደዚያ ነው፣ ያን ሁሉ ገደል ወጥተህ ልክ ጠረጴዛ ላይ እንደወጣህ ነው የምትሆነው። መሬቱ መረሬ ነው፣ ክረምት ቢሆን ኖሮ ጎማችንን እስከ አክሱ ይውጠው ነበር፣ በታኅሣሥ ግን ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ከዋናው መንገድ ወጣን፣ ድንጋይ ስለበዛ የጎማውን ንፋስ ከ38 ወደ 25 ፒኤስአይ አወረድንና የከብት መንገዱን ይዘን ገደሉ አፍ ድረስ ሄድን።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው የደረስነው። ከታች በሸሎ፣ ማዶ የመቅደላ አምባዎች። መ. ዝም ብሎ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ሴባስቶፖል በዚህ ነው እኮ ያለፈው አለ። እውነቱን ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ እያስጠረጉ፣ የጅጣን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ ይቺን ደላንታን አቋርጦ፣ በሸሎን ተሻግሮ መጋቢት 1860 መቅደላ ገባ። ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 6 እሳቸው የሉም። እኛ በአራት ጎማ ያቃሰትንበትን ያ ሁሉ ሰው በገመድ ጎትቶ። መኝታውስ? ያን ሁሉ ሰው ሌሊት ማን አሳደረው? ያኔ ይሄን አላሰብኩም ነበር፣ አሁን ጋሼ ውስጥ ሆኜ ነው የመጣልኝ።

ድንኳኑን ግማሽ ተክለን ሴትየዋ መጡ። ከየት እንደመጡ አላየንም፣ ቤታቸው ከገደሉ ፈንጠር ብሎ ዛፍ ውስጥ ነው ለካ። ዱላ ይዘዋል፣ ትንሽ ያነክሳሉ።

«እናንተ ልጆች፣ ምን ሆናችሁ? መኪናችሁ ተበላሸ?»

«አይ እማማ፣ ደህና ነን፣ እዚሁ ልናድር ነው።»

«እዚህ? ሜዳ ላይ?»

«ድንኳን አለን እማማ።»

«ድንኳንማ ለለቅሶ ነው፣ ለሰርግ ነው። ደህና ሰው ቤት እያለ ድንኳን ያድራል? አፈር ስሆን ተነሱ፣ ቤት ለእንግዳ ነው፣ መደቡ ባዶውን ነው ያለ።»

እንዳናስቸግርዎ ብለን፣ ለምደነዋል ብለን፣ አልጋ ይዘናል ብለን፣ ያልነው ብዙ ነው። እሳቸው ስለ ውርጩ ነገሩን፣ ስለ ጅቡ ነገሩን። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዳ ሜዳ አሳደረች ልባል ነው?» አሉ። ይቺን ሲሉ ዓይናቸውን አላየሁም፣ ካስማ እየመታሁ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መ. ሊሄድ ፈልጎ ነበር፣ የኮምቦልቻው ልጅም ዝም አለ፣ እኔ ግን ለዚህ ሌሊት ስንት ወር ጠብቄ፣ መደብ ላይ ተኝቼ ልመለስ ነው ብዬ። እግዜር ይስጥልን እማማ ብዬ አሰናበትኳቸው።

አባቴ ቢሰማ ምን ይል ነበር። አባቴ እኮ ዕድሜውን ሜዳ ያደረ ሰው ነው፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና እየነዳ፣ ደሴ ኮምቦልቻ ባቲ ሚሌ አሰብ፣ አሰብ ወደብ እስከተዘጋብን ድረስ፣ አፋር በረሃ ላይ መኪናው ሲበላሽበት ተሳቢው ስር ሸራ አንጥፎ፣ ሲበርድ ጋቢና ውስጥ ተጠቅልሎ። ድንኳን ልንገዛ ነው ስለው ሳቀ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀም። «እኔ ሜዳ ያደርኩት ቤት ጠፍቶ ነው» አለኝ። ከዚያ ባቲ አካባቢ ሦስት ቀን ተበላሽቶ ሲቀመጥ ሰው ወተት እያመጣለት፣ ማታ ማታ አንድ ሽማግሌ ከመኪናው አጠገብ እየተኛለት እንደከረመ አወራኝ። ስሙን እስኪሞት ድረስ ያነሳው ነበር የዚያን ሰውዬ። እኔ ያኔ ስለ ድንኳኑ ውሃ አያስገባም ምናምን እያስረዳሁት ነበር፣ ወሬውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ምስር ጥደን ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ይፈላል ይፈላል ምስሩ ግን ልቡ ጠጠር እንደሆነ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ልጅ መጣ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ቢሆነው ነው፣ አገልግል ይዞ፣ ብብቱ ስር ደግሞ የታጠፈ ጋቢ። እማ ናት የላከችኝ አለ። አገልግሉ ውስጥ ምስር ወጥ፣ የደላንታ ምስር፣ ቅቤ የነካ፣ ገና ትኩስ። የኛን ምስር እዚያው ትተን እሱን በላን፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም ብል አላጋነንኩም። ልጁን ብላ ስንለው በልቻለሁ አለ። ጋቢውን ተቀብዬ የኋላ ወንበር ላይ ወረወርኩት፣ እኛ እኮ ስሊፒንግ ባግ አለን፣ ለዜሮ ዲግሪ የሚሆን። ልጁን አመስግነን ደህና እደር አልነው፣ እሺ አለ፣ ድንኳን ገባን፣ ዚፑን ዘጋን።

ኮከቡን ልንገራችሁ ብል አልችልም። ከድንኳኑ አናቴን አውጥቼ ረጅም ሰዓት አየሁ። ያሰብኩት ሁሉ ነበር፣ ዝምታው፣ ብርዱ፣ ማንም አለመኖሩ። ማንም የለም እያልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለሽንት ስወጣ ሳሩ ነጭ ሆኗል፣ የጋሼ መስታወት በውርጭ ተሸፍኗል። ልጁ የፊት ጎማውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ጉልበቱን አቅፎ፣ ዱላው ጭኑ ላይ፣ ኮንጎ ጫማ ያለ ካልሲ፣ ቅልጥሙ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል፣ ትከሻው ላይ አንዲት ስስ ፎጣ፣ ፎጣዋ ላይ ውርጩ ደርቆ ጨው መስሏል። ተኝቷል ብዬ ስጠጋ ዓይኑ ክፍት ነው። እንዴት አደራችሁ አለኝ። እሱ ቀደመኝ።

ምን ትሰራለህ እዚህ ስለው፣ «ብቻችሁን እንዳታድሩ ብላኝ» አለ።

ሌላ አላለም። ሻይ አፍልተን ሰጠነው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቶሎ አልጠጣውም፣ እጁን ሲያሞቅ ቆየ። ብር ሰጠሁት፣ እማ ትቆጣኛለች ብሎ እምቢ አለ፣ ብስኩቱን ብቻ ወሰደ። ባዶውን አገልግል ይዞ በዚያ ነጭ ሳር ላይ እየሮጠ ሄደ። ሄደን እማማን ልናመሰግን ይገባ ነበር። መንገድ ይረዝምብናል ብለን፣ መኪናው እስኪሞቅ ብለን፣ አፍሬም ጭምር፣ በቃ ቀጥታ ወጣን። ወገል ጤና ላይ ቆመን ኦፓል አየን፣ ያ ውሃ ውስጥ ስትከተው ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ጥርት የሚለውን፣ ሲደርቅ ቀለሙ የሚመለሰውን፣ አንድ ገዛሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ አሁንም አለ።

ጋሸና ደርሰን ቁርስ ልንበላ ስንወርድ ነው መ. ከኋላ ጋቢውን ያነሳው። እንመለስ አለ። እኔ በሚቀጥለው ጉዞ እናደርስላታለን፣ ስኳርና ቡናም ይዘን አልኩ፣ ከልቤ ነበር ያልኩት፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር ብዬ ቀን ሁሉ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አባቴ ታመመ። ከዚያ ኮሮና። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እሱን እናንተም ያያችሁት ነው፣ ደላንታም አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቆመ።

አሁን ጋቢውን ቤት ይዤው ገብቻለሁ፣ ይሄን ስጽፍ ጭኔ ላይ ነው። በብርሃን እስከዛሬ አይቼው አላውቅም ለካ። አዲስ አይደለም። አንዱ ጥግ ተቀዶ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፣ ጥለቱ ነትቧል። ሳነሳው ደግሞ ያጠረ መሰለኝና ቆሜ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት። ጉልበቴ ጋ አይደርስም። ለትልቅ ሰው የተሰራ አይደለም።

ልጁ ያን ማታ ሲመጣ ፎጣ ብቻ ነበር የለበሰው። ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት? መ. ያስታውስ ይሆን፣ ነገ ልደውልለት ብዬ እያሰብኩ ነው፣ ግን ምን ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ጋቢው የልጁ ነበር ወይ ብዬ?