ዩ ስትሪትን ገበያ ያደረገው ሐዲድ
ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ፣ 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ሰፈሩ ገበያ የሆነው በአብዛኛው ሁለት የትራም መስመሮች እዚህ ይተላለፉ ስለነበር ነው። ትራም የሚቀይር ሰው ይወርዳል፣ ይጠብቃል፣ እየጠበቀም ይገዛል። ሱቆቹ ፊታቸው ጠባብ፣ ወደ ኋላ ረጅም የሆኑት ለእግረኛ ታስበው ነው። (መሀል ከተማ ገመድ በአናት መዘርጋት ክልክል ስለነበር ትራሙ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአስፋልቱ ሥር ነበር፤ ወጪው አይጣል!)

የመጨረሻው ትራም በጥር 1962 እ.ኤ.አ. ቆመ። ባለመኪና ደግሞ አይወርድም፣ ያልፋል። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ከተነሳው የሁከት ቃጠሎ የተረፉትን ሱቆች ደግሞ፣ ለሜትሮ (ለምድር ውስጥ ባቡር) ሲባል መንገዱ ከላይ መቆፈሩ ደንበኛ አሳጣቸው። የሜትሮው ጣቢያ በ1991 ተከፈተ። የኛ ሰው ከአዳምስ ሞርጋን ሰፈር የኪራይ ውድነት ሸሽቶ 9ኛው መንገድ ላይ የተሰባሰበው ከዚያ ወዲህ ነው።