ያልተነፋው ፑሪና የእንቁላሉ ክስ

ሕንድ አገር ፑኔ ከተማ ማስተርሴን ስማር የሁለት ነገር ሱሰኛ ሆንኩ። አንዱ የወተት ሻይ ነው፤ እሱን እንለፈው። ሌላው ፓኒ ፑሪ ነው።

ላልቀመሳችሁት፣ የፒንግፖንግ ኳስ የምታክል፣ በዘይት ተጠብሳ የተነፋች፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ስስ ቂጣ አስቡ። ሻጩ አናቷን በአውራ ጣቱ ይበሳታል። የተፈጨ ድንችና ሽምብራ ይጨምርባታል። ከዚያ ከናና፣ ከድንብላል ቅጠልና ከቃሪያ በተሠራ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያቀብላችኋል። ፓኒ ማለት ውሃ ነው፤ ፑሪ ደግሞ ቂጣዋ ናት። ደልሂ ላይ ጎልጋፓ፣ ኮልካታ ላይ ፑችካ ይሏታል። የአበላሉ ሕግ ግን የትም አንድ ነው፤ ቆሞ፣ አፍን በሰፊው ከፍቶ፣ ሙሉዋን ባንዴ።

እኔ ይህን አላወቅኩም። ኤፍ ሲ ሮድ ላይ የመጀመሪያዋን እንደ ሳምቡሳ ገመጥኳት። ውሃው ከአገጬ እስከ ቀበቶዬ ወረደ። ሻጩ አልሳቀም፤ ስንቱን አይቷል። ሌላ አዘጋጀና "ቲካ?" አለኝ። የሚያቃጥል ይሁን ወይ ማለቱ ነው። በሚጥሚጣ ያደገ ሰው ይህ ይጠየቃል? "ቲካ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ቀጥሎ የሆነውን ያቺ መሐረብ ትናገር።

ለማንኛውም ወደድኩት። ጉዱ የመጣው ቤት ልሥራው ያልኩ ቀን ነው።

ሰበቡ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነበር። ከአገር ቤት ከመጣ ሁለት ወር አልሞላውም። ዲያቆን አይደለም፤ እኛ ግን "ዲያቆኑ" እንለዋለን። "ሕንድ ለጾመኛ ገነት ናት" ተብሎ ነው የመጣው። እውነትም ሥጋ የማይበላው ሰው ብዙ ነው። ችግሩ የእነሱ ሕግና የእኛ ጾም አይገጥሙም። ለእነሱ እንቁላል ከሥጋ ይመደባል፤ ወተትና ቅቤ ግን ምንም አይደሉም። የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋም እንቁላልም የለበትም ማለት ነው። ዲያቆኑ ያችን ነጥብ አምኖ የሁዳዴን የመጀመሪያ ሳምንት በብስኩት ገፋው። ጀርባው ላይ "የወተት ዱቄት" የሚለውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ምስር በሩዝ ብቻ ሆነ። እሱንም ከማዘዙ በፊት ያጠናቸውን ሁለት የሂንዲ ቃላት ይደረድራል። "ዱድ?" ወተት ማለት ነው። "አንዳ?" እንቁላል ማለት ነው።

አዘንኩለት። ፓኒ ፑሪ ደግሞ የለየለት የጾም ምግብ ነው። ቅዳሜ እሱ ላይብረሪ ሲሄድ ሥራ ጀመርኩ።

ሰሞሊና የሚሉትን ሻካራ የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ ተራ ዱቄት ጨምሬበት አቦካሁ። ሊጡ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ይረፍ ይላል አሠራሩ። ለእንጀራ ሦስት ቀን የሚጠብቅ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ግማሽ ሰዓት መታገስ አቃተኝ። በጠርሙስ ዳመጥኩት፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩት። 41 ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩትና ዘይቱ እስኪግል ፋኑን መጨረሻው ላይ አድርጌ ሥሩ ተቀመጥኩ። የፑኔ መጋቢት ቀልድ አያውቅም።

የመጀመሪያዋን ዘይት ውስጥ ጣልኳት። ሰጠመች። ወጣች። ዝም አለች። በጭልፋ ጫን ጫን አደረግኳት፤ ለመንኳት። ወይ ፍንክች! ከ41ዱ የተነፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስተኛዋም በአንድ ጎኗ ብቻ፣ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጭ።

ቢያንስ ውሃው ይመር ብዬ ወደዚያ ዞርኩ። ናናው፣ ቃሪያው፣ ከሙኑ፣ ሁመሩ ገባ። የቀረው ካላ ናማክ ነው፤ ጥቁር ጨው ይሉታል፣ ሲፈጭ ግን ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ድኝ አለበት። አሠራሩ "ቁንጥር" ይላል። እኔ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ።

ቤቱ እንደ ፋሲካ ዋዜማ ሸተተ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ያውም የሰላሳ ሰው!

በዚሁ ሰዓት በሩ ተከፈተ። ዲያቆኑ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። አየኝ። አሸተተ።

"በስመ አብ! በሁዳዴ?"

"ጨው ነው" አልኩት።

"ጨው? ጨው እንዴት አድርጎ ነው እንቁላል እንቁላል የሚሸተው? ሞኝህን ፈልግ!"

ወደ ደረጃው ወጥቶ ጮኸ። ለምን በሂንዲ እንደጮኸ እሱም አያውቀውም። "አንዳ! አንዳ!"

አከራያችን ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ካኩ እንላቸዋለን፤ በማራቲኛ፣ በፑኔዎች ቋንቋ፣ አክስት እንደማለት ነው። ቤቱን ሲያከራዩን የነገሩን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሥጋ የለም፣ እንቁላልም የለም።

ያን ደረጃ በዚያ ፍጥነት ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም። አላናገሩኝም። ቅርፊት ፍለጋ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ሄዱ። ፍሪጁን ከፈቱ። ቀጥለው ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ ጎንበስ አሉ፣ በማንኪያ ቀመሱ፣ ሳሉ።

"ስንት ማንኪያ?"

ሁለት ጣቴን አሳየኋቸው።

ወንበር ስበው ተቀመጡና የሳሪያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የጨውን ፓኬት ለዲያቆኑ ዘረጉለት። አሸተተ። በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገ። "በእውነት ጨው ነው" አለ፣ ግኝቱ የእሱ ይመስል።

ካኩ አሁን ወደ ፑሪዎቼ ዞሩ። አንዷን አንስተው ቀጭ አደረጓት። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ተነሥተው ፋኑን አጠፉት። ሊጡ ነፋስ ከመታው ይደርቃል፣ ከደረቀ አይነፋም፤ ይህን በሦስት የእንግሊዝኛ ቃልና በብዙ የእጅ ምልክት አስረዱኝ።

"ይሄ ፑሪ አይደለም፣ ፓፕዲ ነው" አሉ። ጠፍጣፋውም ለካ ስምና ሥራ አለው። ከቤታቸው የሁመርና የቴምር ማባያ፣ ደግሞም ሴቭ የሚሉትን ክር የመሰለ የሽምብራ ዱቄት ጥብስ አመጡ። ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ማባያውን በየጠፍጣፋው ላይ ከመሩት። ሴቭ ፑሪ ነው። ዲያቆኑ "ዱድ?" አለ። የለውም። "አንዳ?" ሲል ሁለታችንም አፈጠጥንበት። አሥራ አራት በላ።

ካኩ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። "ግን ፑሪውን ለምን ራስህ ሠራኸው? ማን ቤቱ ይሠራል?"

በማግስቱ ጠዋት የበራችን እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘን። ውስጡ የማዕዘኑ ሱቅ የሚሸጠው የታሸገ ፑሪ ነው። ሁሉም እንደ ኳስ ተነፍተዋል። ዲያቆኑ ፓኬቱን ገለበጠ። አረንጓዴዋን ነጥብ አየ፣ አላመናትም። ቀደደና አፍንጫውን ከተተበት።