ሻኛ ይጠበሳል እንዴ?

ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የብራዚል ምግብና ኮክቴል የሚሸጥ ቤት አለ። ድሮ መኖሪያ የነበረ ቪላ ነው። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ደርድረዋል፣ ዛፉ ላይ አምፖል ጠምጥመዋል፣ ሳሎኑን ባር አድርገውታል። ጂንስና ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ብትገቡ ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ካይፒሪንያ ለሚባለው ኮክቴል ሲሉ ነው የሚመላለሱት። እኔን የሳበኝ ሥጋው ነበር። ለሥጋ ከሆነ ደግሞ ያለ ጋሼ አልሄድም።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሥጋ ቤት ነበራቸው። ሰፈሩ በ2016 ፈረሰ፤ እሳቸው ግን ከዚያ በፊት ነው ቢላዋቸውን ያስቀመጡት። እጃቸው ሥራ ቢፈታም ዓይናቸው አልፈታም። ሰው ቤት ተጋብዘው ጥብስ ሲቀርብ "ይሄ ጭቅና አይደለም" ብለው ባለቤቷን የሚያሸማቅቁ ሰው ናቸው።

"ብራዚል ቤት ልጋብዝዎ" ስላቸው መጀመሪያ ያነሱት ኳስ አይደለም። "ጃንሆይ እዚያ ሄደው ሳለ አይደል እንዴ ግርግሩ የተነሳው?" አሉ። ልክ ናቸው። ታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ብራዚልን እየጎበኙ እያለ ነው እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት። ጋሼ ያኔ ልጅ ነበሩ። የተኩሱን ወሬ ከታክሲው ጀምረው ጠረጴዛችን ድረስ አመጡት። ታሪኩ እስኪያልቅ ሜኑ የሚባል ነገር አልተገለጠም።

ሲገለጥ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነገር ተነሳ። "ኩፒም" የሚል ምግብ አለ። ጋሼ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ "አባባ፣ እሱ የበሬ ሻኛ ነው። ለረጅም ሰዓት በስሎ ነው የሚጠበሰው" አላቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሻኛ ይጠበሳል እንዴ?"

ለእኛ ሰው ሻኛ ማለት ጥሬ ሥጋ ነው። በስሱ ይቆረጣል፣ አዋዜ ይነካል፣ አለቀ። ብራዚሎች ግን ሻኛን በእሳት ነው የሚያውቁት። አገራቸው ከ200 ሚሊዮን በላይ ከብት አላት፣ አብዛኛው ደግሞ ሻኛ ያለው ነው። ከአውሮፓ የመጣው ከብት ሙቀቱንና መዥገሩን አልቻለውም። ስለዚህ አርቢዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊታቸውን ወደ ህንድ አዙረው ሻኛ ያለውን ዘር አስመጡ። ዛሬ ሜዳውን የሞላው ኔሎር የሚሉት ነጭ ከብት የዚያ ዘር ነው። ሻኛው ውስጥ ሥጋና ጮማ ተሰበጣጥሮ ስላለ፣ ጅማትም ስለማያጣው፣ ቶሎ ቢጠበስ ይጠነክራል። እነሱ በፎይል ጠቅልለው ረጋ ባለ ፍም ላይ ለሰዓታት ይተዉታል። መጨረሻ ላይ ፎይሉን ገልጠው ፊቱን ያቃጥሉታል።

ይሄን ሁሉ ለጋሼ አስረዳሁ። "እሺ፣ ይምጣ" አሉ፤ ለፍርድ የተቀመጠ ዳኛ ድምፅ ነበር።

ሳህኑ መጣ። ወፍራም ቁራጭ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ መሐሉ ቡናማ። ጋሼ ቢላዋውን ወደ ጎን አድርገው በሹካ ጀርባ ጫን አሉት። ሥጋው በቁመቱ ተሰነጠቀ፤ በየስንጥቁ የቀለጠው ጮማ ወጥቶ ሳህኑ ላይ ተንጣለለ። አሸተቱት። አንድ ጎረሱ። ዝም። ሌላ ጎረሱ። "ሚጥሚጣ የለም?" አሉ አስተናጋጁን። ቲማቲምና ሽንኩርት በኮምጣጤ የተሠራ ማባያ አመጣላቸው። አላዩትም። በኋላ ሚጥሚጣውም ከሠራተኞቹ ምሳ ተርፎ ይሁን ከየት እንጃ፣ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ መጣ።

"ጥርስ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው" አሉ በመጨረሻ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ሳህኑን ግን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገውታል።

ፒካንያውን እኔ ነበርኩ ያዘዝኩት። ከሽንጡ አልፎ፣ ከጭራው ከፍ ብሎ ያለው ሥጋ ነው፤ ጮማው ላዩን እንደሸፈነው ይተዋል። ጨው ብቻ ነው የሚነካው። ለብ ለብ ይደረግልኝ ብዬ አዝዤ ደርቆ መጣ። መለሱልኝ፣ ሁለተኛው ጥሩ ነበር። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ በዚያ ምሽት ሻኛው በልጦታል።

ቅዳሜ ስለነበር ፌይጆአዳም ነበር። ጥቁር ቦሎቄ ከሥጋ ጋር ተቀቅሎ የሚወፍር ወጥ ነው። የብራዚሏ ከተማ ሳኦ ፓውሎ ምግብ ቤቶች ረቡዕና ቅዳሜ ያቀርቡታል። እዚህ ረቡዕን መተዋቸው ብልህነት ነው፤ በጾም ቀን ማን ይበላላቸዋል? እዚያ የአሳማ እግርና ጆሮ ሳይቀር ይገባበታል። እዚህ በበሬ ጎድንና በቋንጣ ሠርተውታል። ቋንጣ መግባቱ ከአገሩ ወግ አያስወጣውም፤ እነሱም በጨው የደረቀ ሥጋ ይጨምሩበታል። ከጎኑ ሩዝ፣ የብርቱካን ቁራጭ፣ በጣም ተቀጥኖ ተከትፎ በነጭ ሽንኩርት ትንሽ የተቁላላ ጎመን ይመጣል። ጎመኑ ገና አረንጓዴነቱ አልጠፋም። እኛ ቤት ጎመን ቀለሙ እስኪሞት ድረስ ለምን እንደምናበስለው እንጃ።

ፋሮፋ የሚባለው፣ ካሳቫ ከሚሉት ሥራ ሥር የሚሠራ የተቆላ ዱቄት ግን ለእኔ አልሆነም። ወጡ ላይ ሲነሰነስ ያምራል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ውኃ ያስጠራል። ካሳቫ እኮ እኛም ወላይታና ጋሞ ውስጥ አለን። ከዚሁ ከካሳቫ ስታርችና ከአይብ የሚሠራው ትንንሹ ዳቦ፣ ፓዎ ጂ ኬጁ፣ ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ይሳባል፣ ላዩ ይሰበራል። ትኩሱን ብሉት። ሲበርድ ጎማ ነው።

አሁን ወደ ባሩ። ካይፒሪንያ አራት ነገር ነው፦ ሎሚ፣ ስኳር፣ በረዶ፣ ካሻሳ። ካሻሳ ከአገዳ ጭማቂ የሚወጣ መጠጥ ነው። ሮም የሚባለው መጠጥ በብዛት የሚሠራው ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ከሞላሰስ ነው፤ ካሻሳ ግን ጭማቂው ራሱ ተብላልቶ ነው የሚነጠረው። አልኮሉ ከ38 እስከ 48 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ጣፋጭነቱ አያታልላችሁ። ወንጂና መተሐራ ያን ሁሉ አገዳ ይዘን አንድ ሰው ለምን እንደማይሞክረው ይገርመኛል። አየር መንገዳችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ይበራል፤ ጠርሙሱ ግን አሁንም እዚህ ብርቅ ነው።

ባሩ ጋ የምትሠራው ልጅ እጇን እያየሁ ቆምኩ። የእኛ ሎሚ ትንሽ፣ ፍሬው ብዙ፣ ልጣጩ ስስ ነው። ብራዚሎች የሚጠቀሙት ተለቅ ያለና ፍሬ የሌለው ነው። ልጅቷ ሎሚውን ለሁለት ሰንጥቃ መሐሉ ላይ ያለውን ነጭ አውጥታ ጣለች፣ ፍሬውን በቢላዋ ጫፍ ለቀመች፣ ከዚያ በስኳር ላይ አድርጋ በእንጨት ዘነዘና ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አለች። አልወቀጠችም። "ከተወቀጠ ልጣጩ ይመራል እህቴ፣ ለዚያ ነው" አለችኝ። ሌላ ቦታ የጠጣሁት ለምን ይመረኝ እንደነበር እዚያው ገባኝ። ለጋሼ አቀመስኳቸው። "አረቄ በሎሚ" ብለው ብርጭቆውን መለሱልኝና ድራፍታቸውን ቀጠሉ።

ሒሳቡን ሳትዘጋጁ አትሂዱ። ሜኑው ላይ ካይፒሪንያው 600 ብር ይላል። 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 759 ብር ይሆናል። ይሄ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ጋሼ በመነጽርም አላነበቡትም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ደግሞ ዲጄ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም፣ መጯጯህ ብቻ። መብላት የፈለገ 12 ሰዓት ላይ ይግባ።

እኛ ልንወጣ ስንል ጋሼ ወጥ ቤት ያለውን ልጅ ጥሩልኝ አሉ። ሼፉ እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ፣ የተቆጡ መስሎት ደንግጧል።

"አንተ ልጅ፣ ሻኛውን ከየት ነው የምታመጣው?"

"ቄራ ጋ ካለ ሥጋ ቤት ነው ጋሼ።"

"የወይፈን ነው የሚሰጡህ። የደለበ የሐረር ሰንጋ ሻኛ ብታገኝ ይሄ ምግብ ሌላ ነበር። ደግሞ በተቃራኒው ነው የቆረጥከው።"

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቁጥራቸውን መዘገበ። ማክሰኞ በጠዋት ቄራ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። እኔን የጋበዘኝ የለም።