ታማ፣ ማታ፣ ይታይ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ በብዛት ተማሪዎች ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወረፋው ይረዝማል። ቆመው ሲጠብቁ ጭንቅላታቸው ሥራ እንዳይፈታ ብዬ መስታወቱ ላይ እንቆቅልሽ መለጠፍ ጀመርኩ።

መደመር ነው፤ ግን በቁጥር ፈንታ ፊደል ይገባበታል። እያንዳንዱ ፊደል አንድ አሃዝ ነው። ሁለት ፊደላት አንድ አሃዝ አይጋሩም። ቃል የሚጀምር ፊደል ዜሮ አይሆንም። ሕጉ ይኸው ነው። አሁን የተለጠፈው እኔ ያወጣሁት ነው፦

ታማ + ማታ = ይታይ

አብዛኛው ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ቁጥር እየቀያየረ ይሞክራል። ይሄ ያንገበግበኛል። ግምት ጭራሽ አያስፈልግም!

መጀመሪያ ግራውን እዩ። ሁለት ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥሮች ተደምረው ባለ ሦስት አሃዝ ሆነዋል። 99 እና 99 እንኳ ቢደመሩ 198 ነው። ስለዚህ መቶ ቤት ላይ ከ1 በቀር ምንም ሊመጣ አይችልም። ይ 1 ሆነ። አሁን ወደ ቀኝ እንምጣ። አንድ ቤት ላይ ማ እና ታ ተደምረው መጨረሻቸው 1 ነው። ድምራቸው ወይ 1 ነው ወይ 11። 1 እንዲሆን አንዳቸው ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ሁለቱም ቃል ስለሚጀምሩ ይሄ ቀረ። እንግዲያው 11 ነው፤ 1 ተጽፎ 1 ይያዛል። ዐሥር ቤት ላይም ያው ታ እና ማ ናቸው። 11 ነበሩ፤ ከተያዘችው ጋር 12። 2 ይጻፋል፣ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ታ ነው። ታ 2፣ ማ 9። 29 ሲደመር 92፣ 121። ሌላ መልስ የለውም።

የጨዋታው ቁልፍ ያቺ የተያዘችው 1 ናት። በቀደም አንድ አባት የመሬት ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። ደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ ሰው ናቸው። «የኔታ፣ አረፍ ይበሉ» ብላቸው አልሰሙኝም። መሃል ላይ ያለችውን ታ በጣታቸው ነክተው «የተያዘችው እዚች ገባች አይደል?» አሉኝ። ወረቀትም እስኪርቢቶም ሳይጠይቁ ጨረሱት። እኔ ግን ብዙም አልገረመኝም። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን አወቀ። ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ ለ19 እያካፈለ በቀሪው ሲያስብ የኖረ ሰው፣ ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ የዕለት ሥራው ነው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስሌቱን በግእዝ ቁጥር ጻፍኩት። 29 ፳፱፣ 92 ፺፪፣ 121 ፻፳፩። እንቆቅልሹ እዚያው ይፈርሳል። የ2 ምልክት ሌላ፣ የ20 ሌላ ነው፤ ዜሮም የለም። አንዱ ታ ዐሥር ቤትም አንድ ቤትም መቀመጥ የቻለው በ0 እስከ 9 አጻጻፍ ብቻ ነው።

ፊደላችንም ለአውጪው ፈተና ነው። ማ፣ መ እና ም ለየብቻ ስለሚቆጠሩ ፊደሉ ቶሎ ይበዛል፤ ከ10 ካለፈ አሃዝ አለቀ። ስለዚህ ፊደል የሚደጋግም ቃል ሳድን እውላለሁ። «ይታይ» ሲመጣልኝ የደስታዬን አትጠይቁኝ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ዱዴኒ እ.ኤ.አ. በ1924 ስትራንድ በተባለ መጽሔት ያወጣው እስከ ዛሬ ዝነኛ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሴንድ ሲደመር ሞር፣ መኒ ይሆናል (SEND + MORE = MONEY)፤ «ተጨማሪ ገንዘብ ላኩ» እንደማለት። 8 ፊደላት፣ አንድ መልስ ብቻ፦ 9567 + 1085 = 10652። እሱም የሚፈታው ከዚያው ከግራ ጫፍ ነው፤ የመኒ መነሻ ፊደል ከ1 ሌላ መሆን አይችልም።

የሰኞው ይኸውላችሁ፦

ናደ + ና = ደበበ

ከደ ጀምሩ። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚመጣ አልቀበልም። ደ ለምን ሌላ አሃዝ መሆን እንደማይችል በወረቀት ጽፎ ላመጣ ተማሪ የዕለቱ ኮፒ በእኔ ነው።