ባንድ ሶው፣ አራተኛ ወር፦ ከመከላከያዎቹ ጋር መተዋወቅ

በዚህ ወር እንጨት ብዙም አልቆረጥኩም። ባንድ ሶው በሁለት ጎማዎች ላይ በሚዞር፣ ጥርስ ባለው ረጅም ምላጭ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን ነው፤ እሱ ላይ ያሉትን መከላከያዎች አንድ በአንድ ስፈትሽ ነው የከረምኩት። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ሳንቃ ላይ ኩርባ እየቆረጥኩ ነበር። ከሷ በፊት የቆረጥኩት ወፍራም እንጨት 100 ሚሊ ሜትር ስለነበር፣ የላይኛውን የምላጭ ሽፋን ከፍ አድርጌው ነበር። በዚያው ረሳሁት። ሳንቃዋን ሳዞር የግራ አውራ ጣቴ ምላጩን ለጥቂት ስቶ አለፈ። አልነካኝም፤ ልቤ ግን ቀጥ ብላለች። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ምላጩ ሲቆም ለካሁት። ከሳንቃዋ በላይ ከ80 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጥርስ ራቁቱን ነበር።

ሽፋኑ ከእንጨቱ በላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው መቆም ያለበት። ምላጩን ከጎንና ከኋላ የሚደግፉት የላይኛዎቹ ኩሽኔታዎች አብረውት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ወደ እንጨቱ ሲቀርቡ ምላጩ አይወላገድም። ሽፋኑን ዝቅ አድርጌ ያንኑ ኩርባ ደገምኩት፤ መስመሩ በግልጽ ጠራ። ለጣቴ ብዬ ያደረግኩት ነገር ቆረጣዬንም አስተካከለው። ሌሎቹ መከላከያዎች ባታስቧቸውም ሥራቸውን ይሠራሉ። ይሄኛው ግን የእንጨቱ ውፍረት በተለወጠ ቁጥር የእናንተን እጅ ይጠብቃል። ለእኔ የሁሉም አውራ እሱ ነው። ስታስተካክሉት ታዲያ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ምላጩም ቆሞ ይሁን።

ቀጥሎ ማብሪያውን ፈተሽኩ። የእኔው ማግኔቲክ ስዊች ነው። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ስዊቹን ይዞ የሚያቆየው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ከሄደ ይለቀዋል። እንጨት ሳላስገባ አስነስቼ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሲቆም መልሼ ሰካሁት። ዝም አለ። አረንጓዴውን ካልተጫንኩት አይነሳም። መብራት ሄዶ እጃችሁ ጠረጴዛው ላይ እያለ ሲመጣ አስቡት።

ጎማዎቹን የሚሸፍኑት በሮችም ስዊች አላቸው። የላዩን በር ከፍቼ፣ ራቅ ብዬ ቆሜ ለማስነሳት ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። የታችኛውም እንደዚያው። እዚህ ላይ ግን አደራ፦ የበሩ ስዊች ሞተሩን ይቆርጣል እንጂ ፍሬን አይደለም። ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች በያዙት ፍጥነት መዞራቸውን ይቀጥላሉ።

ያስደነገጠኝም ይሄው ነው። አንዳንድ ማሽኖች የእግር ፍሬን አላቸው፤ የእኔ የለውም። ካጠፋሁት በኋላ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፤ 38 ሰከንድ ፈጀበት። ሰጋቱራውን የሚስበው ማሽን እየጮኸ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ መጥፋቱ እንጂ የምላጩ እንቅስቃሴ አይሰማም። ጥርሶቹ በፍጥነት ሲያልፉ ልሙጥ መስመር ይመስላሉ፤ በዓይን ብቻ የቆመ ሊመስላችሁ ይችላል። አሁን ጥርሶቹን ለይቼ እስካያቸው ድረስ ቁርጥራጭ ለማንሳት እጄን አልሰድም። ካነሳሁም በመግፊያ እንጨት ነው።

ለሚቀጥለው ወር ድቡልቡል እንጨት ልሞክር ነው። እሱን ምላጩ ይዞ ያንከባልለዋል፤ እጅንም አብሮ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የቪ ቅርጽ ያለው ማቀፊያ እየሠራሁ ነው። ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ እንጨቱን በምን አጥብቃችሁ እንደያዛችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።